ስሜን ትመልስልኝ

ባለፈው ህዳር ወደ ደሴ ስጓዝ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ለምሳ ከሚሴ ላይ ቆመ። ምሳ አላሰኘኝም ነበርና ከወንበሬ አልተነሳሁም። አንዲት ልጅ የጥንቅሽ እስር በመስኮቱ አሾልካ «ግዢኝ እቴ፣ ዛሬ ጠዋት የተቆረጠ ነው» አለችኝ። ገዛኋት። የመጀመሪያውን አገዳ በጥርሴ ስልጠው ያ ሽታ ወጣ፤ የማሽላ ቅጠል፣ የእርጥብ አፈርና የስኳር ሽታ አንድ ላይ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ «ምነው ልጄ፣ ጥርስሽን አመመሽ እንዴ?» እስኪሉኝ ድረስ አገዳውን እንደነከስኩ ቀርቼ ነበር።

«ደህና ነኝ አባቴ» አልኳቸው። «በልጅነቴ አንድ ዓመት እዚህ ኖሬያለሁ።»

አንድ ዓመት አልኩ እንጂ አንድ መኸር ነው። የጨፋ ማሽላ መታጨድ ከጀመረበት ተወቅቶ ጎተራ እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ጨፋ ሮቢት ነው፤ እናቴ እህል ትነግዳለች። አንድ ሮብ ከገበያ ስትመለስ ጆንያዋን እንኳ ሳታወርድ «ነገ ከሚሴ ትሄጃለሽ» አለችኝ። «አኮ መዲና ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። ሞክሼሽ አይደለች? ሄደሽ ዓይን ሁኛት። ትምህርትሽንም እዚያው ትማሪያለሽ።»

አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። አኮ መዲና የአባቴ አክስት ነበረች፤ ስሜ የእሷ ስም ነው። እኔ ግን ከእናቴ ንግግር የያዝኩት «ዓይን ሁኛት» የሚለውን ብቻ ነበር። ሐኪም አንድ ዓይኔን አውጥቶ ለእሷ የሚሰጥ መሰለኝ። አልቅሼ አልተቃወምኩም፤ ለአኮ ከሆነ ይሁን ብያለሁ። በማግስቱ መንገድ ላይ ግን አንዴ ቀኙን፣ አንዴ ግራውን እየጨፈንኩ የትኛውን ብሰጣት እንደሚሻል ስሞክር ሄድኩ። በግራው ሳይ የቦርከና ድልድይ ደብዘዝ ስላለብኝ ግራውን ልሰጣት ወሰንኩ።

አኮ ግቢዋ ውስጥ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ረጅም፣ ደረቅ ያለች ሴት ናት፤ ስትቀመጥ እንኳ የቆመች ትመስላለች። «ሞክሼ፣ መጣሽ? ኮቱ፣ ነዪ» ብላ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። አውራ ጣቶቿ ዓይኖቼ ላይ ሲያርፉ ደርሷል ብዬ «ግራውን! ግራውን አኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምኑን ነው ግራውን?»

ነገርኳት። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «የኔ ዓለም፣ ዓይን ሁኛት ማለት እጄን ይዘሽ ምሪኝ ማለት ነው። ዓይንሽን አላህ ይጠብቅልሽ። ለእኔ እጅሽ ይበቃኛል።»

እንዲህ ሆኖ ሥራ ጀመርኩ። ጠዋት ለሶላት ስትታጠብ የውዱዕ ውሃ አፈስስላታለሁ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ እጇ ትከሻዬ ላይ ያርፋል፤ የምትሄድበት እወስዳታለሁ። የምትሄድበት ደግሞ ብዙ ነው። የተጣላ ባልና ሚስት ቤት፣ ድንበር የተገፋፋ ጎረቤት ቤት፣ ልጅ የታመመባት እናት ቤት። ሐሙስ ሐሙስ ሴቶቹ ተሰብስበው ዱዓ ሲያደርጉ መሐል የምትቀመጠው እሷ ናት። የእሷ «አሚን» ካልተሰማ ዱዓው ያላለቀ ይመስላቸው ነበር።

ከሁሉ በፊት ግን አዋላጅ ነበረች። ሞራው ዓይኗን እስኪጋርዳት ድረስ ከከሚሴ እስከ ጨፋ ምጥ ለጠናባት ሴት ሁሉ የሚላከው ወደ እሷ ነው። በሰላም የተገላገለች እናት፣ ሴት ከወለደች፣ «ስምሽን ስጫት» ትላታለች፤ አኮም ትሰጣለች። ስለዚህ በዚያ አገር መዲና እንደ ማሽላ ነው የሚበቅለው። አስተማሪያችን እንኳ ተቸግሮ ክፍላችን ውስጥ ያለነውን መዲናዎች በሰፈራችን ነበር የሚጠራን። እኔ «መዲና ሮቢት» ነበርኩ።

ይህ ነገር ለእኔ ብዙ ግራ መጋባት አመጣ። አንድ ሐሙስ ወንዶቹ ወዳጃ በሚባለው የዱዓ ስብሰባ ላይ መንዙማ ሲሉ እኛ ከግድግዳው ወዲያ ነበርን። መሪው «መዲና!» ይላል፤ ሌሎቹ ተቀብለው «መዲና! መዲና!» ይላሉ፤ አንዳንዱ እያለቀሰ ነው። አኮን እየጠሯት መሰለኝ። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ትወዛወዛለች እንጂ አትመልስም። እጇን ጎተትኩና «አኮ፣ ይጠሩሻል እኮ፣ አቤት በያቸው» አልኳት። አጠገባችን ያሉት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። «የነቢን አገር ነው የኔ ልጅ» አለችኝ፤ «እኔን ማን አልቅሶ ይጠራኛል!»

ሌላዋ መዲና አፈ ጉባኤዋ ነበረች። የከተማው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ። አኮ ናት ያዋለደቻት። ብዙ ጊዜ በመሥሪያ ቤት መኪና መጥታ አኮን ትጠይቃታለች፤ ደጃፉ ላይ ሰው ስላለ መጀመሪያ በቢሮ አማርኛ ትናገርና፣ ገብታ ስትቀመጥ «አካም ጅርቱ አኮ?» ብላ ወደ ኦሮምኛ ትዞራለች። እኔ አፈ ጉባኤ የሚለውን ቃል ስሰማ የጉባኤው አፍ እሷ ናት ማለት ነው ብዬ፣ ሌሎቹ ሰዎች አፍ የሌላቸው፣ እሷ ደግሞ ትርፍ አፍ ያላት መስሎኝ ነበር። ሻይ ስትጠጣ ሁለተኛውን አፍ ልፈልግ አንገቷ ድረስ አፍጥጬ አያታለሁ። አንድ ቀን «ይቺ ልጅ ምን ታየኛለች?» ስትል አኮ «ሥራዋ ማየት ነው፣ ለእኔም ጭምር» አለቻት።

ሦስተኛዋን መዲና ያገኘኋት በጆሮዬ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ሙዚቃ ቤት ነበር፤ ሰው ሚሞሪውን ይዞ እየመጣ ዘፈን ያስሞላል። በሩ ላይ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ስፒከር ቆሟል፤ ከበላዩ ቀይ ከንፈር ያላት፣ ወርቅ አንገቷ ላይ የደረደረች ሴት ፎቶ ተለጥፏል። ከሥሩ «መዲና» ይላል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ያንን ዘፈን ሳልሰማ አላልፍም።

ቦርከና ሞላብኝ፣ ድልድዩም ተሰብሮ፣
ከማዶ ቆሜያለሁ፣ ልቤ እዚያ አድሮ።

ድምፅዋ ቀጠን ይልና መሐል ላይ ይሰነጠቃል፤ ያ የተሰነጠቀው ቦታ ሲደርስ መራመዴን አቆም ነበር። የቦርከና ድልድይ እንዳልተሰበረ ባውቅም፣ እሷ ስትለው አምናታለሁ።

አንድ ከሰዓት ከአኮ ጋር ማሽላ ስንለቅም ሳላስበው አንጎራጎርኩት። የአኮ ጣቶች ሰፌዱ ላይ ቆሙ።

«ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ከመናኸሪያ።»

«መናኸሪያ መልሺው» አለችኝና ጠጠር መፈለጓን ቀጠለች። ቁጣ አልነበረውም ድምፅዋ። ይልቅ እንደደከመው ሰው ነበር የተናገረችው፤ ያ ደግሞ ከቁጣ በላይ አስፈራኝ።

ጎረቤታችን እትዬ አየለች ትባላለች፤ ትንሽ ሱቅ አላት። ባሏ ለሥራ ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀሩ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ከአኮ ጋር ፋሲካና ዒድ ሲደርስ መጠያየቅ ብቻ ሳይሆን ምስጢርም ይጋራሉ። ጨው ልገዛ ስሄድ ጠየቅኳት፣ አኮ ያቺን ዘፋኝ ለምን እንደማትወዳት።

«አትወዳትም?» አለች እትዬ አየለች። «ያሳደገቻት እኮ እሷ ናት። ጡቷን አጥብታ፣ ስሟን ሰጥታ። ልጅቷ በኋላ ቤት ጥላ ከባንድ ጋር ደሴ ገባች። ከዚያ አንድ ቀን አኮሽ እዚህችው በሬ ላይ ቆማ ሬድዮ ስትሰማ፣ እኔ ለደንበኛ ዘይት እየቀዳሁ ነበር፣ ድንገት ‹ስሜን ትመልስልኝ! ስሜን ትመልስልኝ!› ብላ ጮኸች። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሰማት። ምን እንደሰማች እስከዛሬ አልነገረችኝም። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ከተማው ውስጥ ዘፍና ትሄዳለች እንጂ በዚህ በር አታልፍም።»

እኔ ግን ምን እንደሰማች አወቅኩ። ማለቴ፣ ያወቅኩ መሰለኝ። ሬድዮው ላይ ልጅቷ ስትዘፍን ሰማቻት፤ ዘፈን ነውር ነው፤ ስለዚህ ስሟን ወሰደችባት። በቃ።

ጨዉን ይዤ እየሮጥኩ ተመለስኩ። አኮ የሰጠችውን ስም መልሳ የምትወስድ ከሆነ የእኔም የእሷ ነው። እኔም ዘፍኛለሁ፤ ራሷ ሰምታኛለች። ስሜ ቢወሰድ አስተማሪው ማን ብሎ ይጠራኛል? እናቴስ ከሮቢት መጥታ ደጅ ላይ ቆማ ማን ብላ ትጣራለች? የእናቴ ነገር ነው ይበልጥ ያስጨነቀኝ።

በዚያው ሳምንት አስተማሪያችን ክፍል ገብቶ ጥሩ ድምፅ ያላቸውን ልጆች መምረጥ ጀመረ። ከጤና ጣቢያው አጠገብ አዲስ ቤት ተሠርቶ ሊመረቅ ነው፤ ከሩቅ ገጠር የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጣቸው እስኪደርስ የሚቆዩበት ቤት። ተማሪዎች ይዘምራሉ። «መዲና ሮቢት፣ አንቺ ቆንጆ ድምፅ አለሽ፣ ነዪ» አለኝ። ጉሮሮዬን ያዝኩና አመመኝ አልኩት። ሌላ ልጅ መረጠ። የልጅቷን ነጭ ቀሚስና አረንጓዴ መቀነት ሳይ በምቀኝነት ጥንቅሼን እንኳ መብላት አቃተኝ።

አፈ ጉባኤዋ መዲና ስለዚሁ ምረቃ ልትነግራት ወደ አኮ መጣች። አኮ ወሬውን ስትሰማ ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። እጇን ጭኗ ላይ ከፈተችው፣ አንድ ነገር እንደሚሰጣት ሰው።

«አልጋ አለው?» አለች ቆይታ።

«አለው አኮ። ማብሰያ ክፍልም አለው፤ አስታማሚዎቹ ያበስላሉ። ምጡ ሲመጣ ወደ ጤና ጣቢያው ማሻገር ነው። መንገድ ላይ የሚሞት አይኖርም፣ ኢንሻአላህ።»

«አልሀምዱሊላህ።»

«እንግዲህ እርስዎ ዱዓ ያደርጉልናል። ከእርስዎ በፊት ማንም አፉን አይከፍትም።»

«እመጣለሁ። ሞክሼ ትወስደኛለች።»

አፈ ጉባኤዋ ሻሿን አስተካከለች፤ ከዚያ ዝግ ብላ «ሕዝቡ እንዲሰበሰብ ዘፋኝም ጠርተናል» አለች። «መዲና ትመጣለች።»

«የትኛዋ?»

«ያውቋታል አኮ።»

አኮ የከፈተችውን እጇን ጨበጠችው። «እሷ ካለች እኔ የለሁም።»

«አኮ፣ ሁለታችሁን ማስታረቅ ካቃተኝ ምኑን አፈ ጉባኤ ሆንኩት?»

«ጉባኤሽን ምሪ። የእኔን ሆድ ለእኔ ተዪው።»

አፈ ጉባኤዋ ግን በቀላሉ የምትመለስ ሴት አልነበረችም። ከጥቂት ቀን በኋላ በከሰዓት መኪናው እንደገና ደጃችን ቆመ። ሁለት ሴቶች ወረዱ። ሁለተኛዋን ወዲያው አወቅኳት፤ ከስፒከሩ በላይ ያለችው ናት። ቀይ ከንፈር ግን አልነበራትም፤ ወርቅም የለም። ጥቁር ሻርፕ የለበሰች፣ ቀጭን፣ ተረከዟ የተሰነጣጠቀ ሴት ነበረች። እንደ እናቴ ዓይነት ተረከዝ። ዘፋኝ ሰው ተረከዙ የሚሰነጠቅ አይመስለኝም ነበር።

ገቡ። አፈ ጉባኤዋ ሰላምታ ሰጠች። ሌላዋ ዝም ብላ በሩ አጠገብ ቆመች። አሁን ሳስበው፣ አንድ ቃል ብታወጣ አኮ እንደምታውቃት ስለተረዳች ነው ዝም ያለችው።

«የገባው ሰው ሁለት ነው» አለች አኮ። «ሌላዋ ማናት?»

ማንም አልመለሰም።

«ሞክሼ፣ ማናት?»

ሥራዬ ማየት ነው፤ ያየሁትን መናገር ነበረብኝ። «መዲና ናት» አልኩ።

«ከሚሴ ውስጥ ድንጋይ ብትወረውሪ የምትመቺው መዲናን ነው። የትኛዋ?»

ሴትየዋን አየኋት። ከንፈሯን ነክሳ ራሷን ነቀነቀች፤ አትንገሪያት ማለቷ ይሁን ንገሪያት ማለቷ አልገባኝም። «የመናኸሪያዋ» አልኩ።

አኮ ሳትቸኩል ተነሳች፤ እጇ ትከሻዬን ፈለገ። «የተሰጣው ማሽላ ይገለበጥ። ውሰጂኝ» አለችኝ። በሴትየዋ አጠገብ አልፈን ወጣን። ቀሚሳቸው ተነካክቷል፤ እሱን አይቻለሁ።

ግቢው ውስጥ ሸራው ላይ የተሰጣውን ማሽላ በመዳፋችን እያገላበጥን ቆየን። እኔ ወደፊት ሄድኩ፤ አኮ ግን አንዱን ቦታ ብቻ ነው መልሳ መላልሳ የምታገላብጠው። የመኪናው ድምፅ ሲርቅ እጇ ቆመ። አፈ ጉባኤዋ ብቻዋን ነበር ስትገባ ያወራችው፣ ሌላዋ ግን ወጥታ ስትሄድ ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። አኮም ሳትሰማት አትቀርም።

በማግስቱ ጠዋት ውሃ እያፈሰስኩላት ሳለ ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ።

«አኮ» አልኳት፣ «እኔም ስለዘፈንኩ ስሜን ትወስጂብኛለሽ?»

ውሃው በክርኗ ላይ እየወረደ «ምን አልሽ?» አለች።

«እሷ ስለዘፈነች ‹ስሜን ትመልስልኝ› ብለሽ የለም? እኔም ዘፍኛለሁ። የምረቃውን መዝሙር ግን አሞኛል ብዬ ቀርቻለሁ። ከወሰድሽብኝ እናቴ ምን ብላ ትጠራኛለች?»

አኮ ማሰሮውን ከእጄ ተቀብላ መሬት ላይ አስቀመጠችውና ወደ እሷ ሳበችኝ። ደረቷ ሳሙናና ጭድ ይሸታል። ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም።

«በዘፈን ነው ያለሽ ማነው?» አለች። «በዘፈን አይደለም። ልጅ ሆና ቤቱን በዘፈን ስታናውጥ እኔ አይደለሁም እንዴ የምቀበላት? ስሚኝ። እናቷ ጣውንቴ ነበረች፤ የባሌ ሁለተኛ ሚስት። ምጥ ሲይዛት ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ደሟ አልቆም አለኝ። እዚሁ እጄ ላይ ሞተች። የስንት ሰው ሚስት አዳንኩ፣ የቤቴን ሴት ማዳን አቃተኝ። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን አርባዋን ያልደፈነች ልጅ ቀብሬ ጡቴ ሞልቶ ነበር። ሕፃኗን አነሳኋትና አጠባኋት። ስሜን ሰጠኋት። ለሌሎቹ ስሜን የሰጠሁት እናታቸው ስትለምነኝ ነው፤ ለእሷ ማንም አልለመነኝም።»

እጄን ይዛ ቀጠለች።

«ቤት ጥላ ስትሄድ አዘንኩ እንጂ አልረገምኳትም። በሬድዮ ስትቀርብ አየለች ሱቅ በር ላይ ቆሜ ልቤ በደስታ ሊወጣ ነበር። ጠያቂው ‹ማን አሳደገሽ?› አላት። ‹እናቴ እኔን ስትወልድ ሞተች። ያለ እናት ነው ያደግኩት› አለች። ያለ እናት! አገር ሁሉ እየሰማ! ታዲያ የጠባችው የማንን ነው፣ የግድግዳውን ነው?»

ልጅ ነኝና ያገኘሁትን ተናገርኩ፤ «ትላንት ስታለቅስ ነበር» አልኳት። «ተረከዟም ተሰነጣጥቋል።»

አኮ ውዱዕዋን ጨርሳ ሰገደች። ሰግዳ ስትነሳ «ሻሽሽን እሰሪ፣ ውሰጂኝ» አለች።

«የት?»

«መዲና ጋ።»

«የትኛዋ?» አልኩ ሳላስበው።

«አንቺም ጀመርሽ!» አለችኝና ትከሻዬን ጨበጠች።

ዘፋኟ ያረፈችው አፈ ጉባኤዋ ቤት ነበር፤ እዚያ ለመድረስ በመናኸሪያው ማለፍ የግድ ነው። ባጃጆች ይጮኻሉ፤ ከቆላ የወጡ አፋሮች ግመሎቻቸውን በአስፋልቱ ዳር ይነዳሉ፤ ስፒከሩ እንደ ልማዱ ያንኑ ዘፈን ያሰማል። አኮን ፈጥኜ ላሳልፋት ስል እጇ ወደ ኋላ ያዘኝ። «ቆይ» አለች። መንገዱ መሐል ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ወደ ሱቁ አስጠጊኝ አለችና ባለሙዚቃ ቤቱን «ልጄ፣ እስቲ ድገመው» አለችው። አኮ መዲና ዘፈን ስታዝ የሰማ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ልጁም ደንግጦ ደገመው።

ሲያልቅ «ትንፋሿን አትጨርስም» አለች፤ መንገዳችንንም ቀጠልን።

አፈ ጉባኤዋ በሩን ከፍታ አኮን ስታይ ፈጥና ወደ ጎን አለችልን። ዘፋኟ ከውስጥ ሻንጣዋን እየቆለፈች ነበር፤ ልትሄድ ነው። አኮን ስታይ ቁልፉ ከእጇ ወደቀ።

«እማ» አለች።

«እናት የላትም ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለች አኮ። ወንበር አስይዤ አስቀመጥኳት።

ዘፋኟ እግሯ ሥር ተቀመጠች። «እማ፣ ያኔ ከቤት ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ሰው ሁሉ አዝማሪ ሆነች ይለኝ ነበር። የአኮ መዲና ልጅ ነኝ ብል፣ ሐሙስ ሐሙስ ከጎንሽ የሚቀመጡት ሴቶች ተነስተው የሚርቁሽ መሰለኝ። ምጥ የያዛት ሴት እንዳትጠራሽ ፈራሁ። ስምሽን ልደብቅልሽ ብዬ ነው። ጠያቂው ደጋግሞ ‹እናትሽስ? እናትሽስ?› ሲለኝ አፌ ያንን አለ።»

«እኔን ጠየቅሽኝ?»

«አልጠየቅኩሽም።»

«አፍሬብሽ አውቃለሁ?»

«ዘፈኔን የምትሰሚው አይመስለኝም ነበር።»

«አልሰማሁም። ዛሬ ሰማሁ፣ ሁለት ጊዜ። ትንፋሽሽን አትጨርሺም። ቤት ስትጠርጊም እንዲሁ ነበርሽ፤ ግማሽ ጠርገሽ መጥረጊያውን ትጥያለሽ።»

ዘፋኟ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየ ድምፅ አወጣችና ፊቷን አኮ ጉልበት ላይ ቀበረች። አፈ ጉባኤዋ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔ ብቻ ነበርኩ የማየው፤ የአኮ እጅ አየሩ ላይ ትንሽ ተንሳፍፎ ቆየ፣ ከዚያ ሻርፑ ላይ አረፈ።

«ስምሽን ልመልስልሽ እማ» አለች ዘፋኟ። «ሌላ ስም አወጣለሁ።»

«ሞኝ! ስም እንደ ጡት ነው፤ ከተጠባ ወዲያ አይመለስም። ተቆጥቼ ነው ያልኩት። ነገር ግን» ብላ አገጯን ያዘቻት፤ «አገር እየሰማ ያልሽውን አገር እየሰማ አቅኚው። እዚህ ጓዳ ውስጥ አትንገሪኝ። እኔ እማ መባል አልጠፋብኝም፤ የጠፋብኝ በሰው ፊት መባሉ ነው።»

«ሕዝብ ፊት?» አለች። በየከተማው መድረክ ላይ የምትቆም ሴት እንደ እኔ ጉሮሮዋን ያዘች።

የምረቃው ቀን ፀሐዩ ገና ከጠዋቱ ይጠብስ ነበር። አዲሱ ቤት ኖራ ኖራ ይሸታል። ልጆቹ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ተሰልፈዋል። የእኔ ቦታ ተይዟል፤ አኮ ስሜን እንደማትወስድ ባወቅኩ ማግስት ጉሮሮዬ ተሻለኝ ብዬ ለምኜ ነበር፣ አስተማሪው ግን አልፏል አለኝ። ስለዚህ ከፊት ወንበር፣ አኮ አጠገብ ተቀመጥኩ።

አፈ ጉባኤዋ ረጅም ንግግር አደረገች፤ አንድ አፍ ብቻ እንዳላት ያኔ አረጋገጥኩ። ከዚያ አኮን አስነሳኋት። በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰችው። «ያ ረቢ፣ እዚህ ቤት አንድ ሆና የምትገባ ሁሉ ሁለት ሆና ትውጣ» አለች። ሕዝቡ «አሚን!» ሲል ቆርቆሮው የተንቀጠቀጠ መሰለኝ።

ተራው የዘፋኟ ሆነ። ሰው አጨበጨበ፤ ወጣቶቹ አፏጩ። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ የቦርከናን ዜማ ጀመረ። እሷ ማይኩን ይዛ ዝም አለች። ልጁ ዜማውን ከመጀመሪያው መለሰላት፤ አሁንም ዝም። ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። አኮ እጄን ያዘች። ድሮ የሄደችው ልጅ አሁንም ጥላት የምትሄድ መስሎኝ ወደ መኪናው መንገድ አየሁ።

ዘፋኟ እጇን ዘርግታ ኪቦርዱን አስቆመችው።

«ከመዝፈኔ በፊት አንድ ነገር አለኝ» አለች። ድምፅዋ ዘፈኑ ላይ በሚሰነጠቅበት ቦታ ተሰነጠቀ። «አንድ ጊዜ በሬድዮ ያለ እናት አደግኩ ብዬ ነበር። ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ውሸት ነው። የወለደችኝ እናቴ እንደዚህ ያለ ቤት ባልነበረበት ጊዜ ሞታለች። ያጠባችኝ፣ ያሳደገችኝ፣ ስሟን የሰጠችኝ እናቴ ግን ይቻትና፣ ከፊታችሁ ተቀምጣለች። አኮ መዲና ትባላለች። እኔ የእሷ ልጅ ነኝ።»

አኮ አልተንቀሳቀሰችም። ፊቷን ቀጥ አድርጋ፣ በማያዩት ዓይኖቿ ወደ ድምፁ እያየች ነበር። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ዘነበለች።

«ሰው ሰማ?» አለችኝ።

«ሰማ አኮ።»

«ከኋላ ያሉትም?»

ዞሬ አየሁ። እትዬ አየለች ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ሐሙስ ሐሙስ ከአኮ ጋር የሚቀመጡት ሴቶች አንገታቸውን አስግገው ቆመዋል። አጥሩ ላይ ልጆች ተንጠልጥለዋል፤ ከአጥሩ ወዲያ፣ መንገድ ላይ፣ ሁለት አፋሮች ግመላቸውን አቁመው ያዳምጣሉ።

«ከኋላ ያሉትም ሰምተዋል። መንገድ ላይ ያሉትም።»

አኮ ትንፋሿን ለቀቀችና ወደ ወንበሩ ደገፍ አለች።

«እንግዲያው ትዝፈን» አለች።